አምስተኛው ፈታኝ

ውብነሽ ያን ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ የወጣችው ለሁለት ሰዎች ተዘጋጅታ ነበር፤ አንዱን ልትረግም፣ ሌላውን ልትለማመጥ።

የምትረግመው አምስተኛውን ፈታኝ ነው። ልጇ ናዝራዊት ስድስት ዓመት የለፋችበትን የሒሳብ ዶክትሬት ዛሬ ዲፌንድ ታደርጋለች። አራቱ ፈታኞች የራሷ አስተማሪዎች ናቸው። አምስተኛው ግን ከሌላ ዲፓርትመንት የተመደበ ነው፤ አይታውም አታውቅ።

«ማሚ፣ ብሩታል ነው አሉ» አለች ናዝራዊት ጠዋት፣ ቁርሷን ሳትነካ። «ባለፈው ዓመት አንዱን ልጅ ጥሎታል። ሜይቢ በዙም ይገባል፣ አይ ዶንት ኖው።» ውብነሽን አንጀቷን በላቻት።

የምትለማመጠው ደግሞ የሊባኖስን አባት ነው። ሊባኖስ ናዝራዊትን ሊያገባ የሚፈልግ ጨዋ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ከወንዙ ማዶ፣ ድልድይ ተሻግሮ በመኪና በሚደረስባት አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ፤ ውብነሽ አግኝታቸው አታውቅም። ትናንት ኮል አድርጎ፣ «አባዬ ዲፌንሱን መከታተሉ አይቀርም፤ እንዳልነገርኩዎት ይሁኑ» አላት። ልጅቷን ተደብቆ ሊያያት ነዋ! ውብነሽ ስልኩን እንደዘጋች ሳምቡሳ መጠቅለል ጀመረች።

አዳራሹ ስትደርስ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አንድ ሽበታም ሐበሻ ብቻውን ተቀምጧል። ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ። የሊባኖስ አባት! ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ማንነቱን እንዳወቀች ማሳየት ግን ነውር ነው።

«ትራፊኩ እንዴት ነበር? ያ ድልድይ መቼም አያልቅለትም።»

«እኔ እንኳ ከዚሁ ነኝ፤ በእግሬ ነው የመጣሁት» አለ ሰውዬው።

ከአሌክሳንድሪያ በእግር! አቤት ጥንቃቄ፣ አለች በሆዷ።

ከፊታቸው አንድ ላፕቶፕ ተከፍቷል፤ በዙም ለሚከታተል ሰው ቦርዱን እንዲያሳይ እዚያ ያስቀመጡት ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ ጥቁር ሳጥን ብቻ ነው። ፊት የለው፣ ስም የለው፤ «አይፓድ» ይላል። ውብነሽ አፍጥጣ አየችው። ይኸው አምስተኛው።

«ፊቱን የደበቀው ምን ሠርቶ ነው?» አለች ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ብላ፣ ፈረንጅ አማርኛ የት ያውቃል በሚል። «ይኼኔ ሚስቱ አባራው ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል።»

ሰውዬው ሳቁን ዋጥ አደረገ። ሳጥኑ ውስጥ የሆነ ሰው ሳል ያዘው።

ናዝራዊት ጀመረች። ርእሷ «የቀጥተኛ ምስል ነዶዎች አዎንታዊነት» ነው። ዲክሽነሪው «ሺፍ» የሚሉትን ቃል ነዶ ብሎ ስለተረጎመው፣ ልጇ እርሻ እያጠናች እንዳልሆነ እስኪገባት ድረስ ውብነሽ ብዙ ተጨንቃለች።

«ስለምን እንደምታወራ ያውቃሉ?» አላት ሰውዬው በሹክሹክታ።

«እንዴታ! ራሷ እንዳስረዳችኝ፣ ትልቅ አፓርትመንት ያስቡ። በየፎቁ ያለውን ሁሉ ሰብስበው ሎቢ ያወርዱታል። ላይ ፖዚቲቭ የነበረው ታች ሲወርድስ ፖዚቲቭ እንደሆነ ይዘልቃል ወይ? ይዘልቃል ነው የምትለው።»

«እና ሁሉንም ራሷ ነው የሠራችው? የረዳት የለም?»

«ማን ይረዳታል! አንዴ ፕሩፉ ተበላሽቶባት ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ ከረመች። ከዚያ ብድግ ብላ እንደገና ከሀ ጀመረች። እልኸኛ ናት ልጄ። ደግሞ ባለሙያ ናት፤ ዶሮ ወጧን ቢቀምሱት!»

ሰውዬው ዶሮው ላይ ግራ የገባው መሰለ። የሆነ ሆኖ ብዕሩን አውጥቶ ናፕኪን ላይ አንድ ነገር ሞነጫጨረ።

ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው እጁን ሊያነሳ ሲል ውብነሽ ቀለብ አድርጋ ሳምቡሳ አስጨበጠችው። «ይብሉ እንጂ! ልጅቷን አያስደንግጡብኝ።» እንደገና ሊያነሳ ሲል ሌላ አስጨበጠችው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ራሱ እጁን መዘርጋት ጀመረ።

ጥቁሩን ሳጥን ግን አልማረችውም። «አንተ!» አለችው ጥርሷን ነክሳ። «ልጄን ዛሬ ብትጥላት ከእንባዬ አታመልጥም። ኧረ የዚህ ሰው ቤት ምራት ሆና የምትገባዋ ወየውላት!»

ሳጥኑ ማሳሉንም ተወ።

ናዝራዊት ጨረሰች። አራቱ አስተማሪዎቿ ጠየቋት፤ ሁሉንም መለሰች። ሰብሳቢዋ ቀና ብላ ወደ ኋላ አየችና፣ «አሁን የአምስተኛው ፈታኝ ተራ ነው» አለች። የናዝራዊት ፊት አመድ መሰለ። ውብነሽ ዓይኗን ጨፍና ማርያምን ተጣራች።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አለ አንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ፣ እዚያው ከጎኗ።

ዓይኗን ስትገልጥ ሽበታሙ ሰውዬ አፉን እየጠረገ ቆሟል።

«ከፎቆቹ አንዱ ቢፈርስስ?»

ናዝራዊት ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጠመኔውን አንስታ ጥቂት መስመሮች ጻፈች፤ የፈረሰውም ፎቅ አላገዳትም። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አነበበና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«በእኔ በኩል አልፋለች።»

«እናመሰግናለን፣ ፕሮፌሰር ዓብዩ» አለች ሰብሳቢዋ። የቀሩትም አንድ በአንድ «አልፋለች» አሉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ናዝራዊት እዚያው ቦርዱ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች።

ውብነሽ እልል ልትል የከፈተችው አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ አምስተኛው?» አለች። ጣቷን ቀስ አድርጋ ወደ ላፕቶፑ ቀሰረች። «ታዲያ ይሄኛው ማነው?»

ጥቁሩ ሳጥን በራ፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ወይዘሮ ውብነሽ፤ የሊባኖስ አባትና እናት ነን» አሉ።