የባሻ ተሻገር የቁም ተዝካር

«ስንት ሠንጋ ታረደ?» አለ ከጎንደር የመጣው ተቆጣጣሪ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ።

ባሻ ተሻገር አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። በጠላት ጊዜ ብቻውን አንድ ሻለቃ ጦር ከጉና ቁልቁል እንደ ዝንጀሮ መንጋ እንዳባረረ የሚተርከው ምላሱ፣ ዛሬ ወገዳ የእህል ግምጃ ቤት ደጅ ላይ ከላንቃው ተጣብቆ ቀረ።

ባሻ ልጅ የለውም። ሲሞት የሚያስታውሰው እንደሌለ አውቆ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ተዝካሩን በቁሙ አበላ። ይህስ ደግ። ከዚያ ወዲያ ግን ድግሱ በባሻ አፍ ውስጥ ይረባ ጀመር። ለጥምቀት አንድ የነበረው ሠንጋ ለፋሲካ ሦስት፣ ለመስቀል ሰባት ሆነ። ጠላውም እንደ በሽሎ ወንዝ ሞልቶ ሰው ሊወስድ ምንም አልቀረው። ወሬው እየሰባ እየሰባ ሄዶ፣ ለችግረኛ አርበኞች የዳረጎት እህል ከሚሰፍሩት ሹማምንት ጆሮ ገባ።

«ሰባት ሠንጋ የሚያርድ ሰው ችግረኛ አይባልም» አለ ተቆጣጣሪው። «ከተዝካሩ ወዲህ የወሰዱት እህል ያለ አግባብ የተሰጠ ነው፤ ይመልሳሉ። እስኪመልሱ ድረስ በሬው በመያዣ ይቆያል።»

በሬው፣ ቡሬ፣ ከወይራው ሥር ታስሮ ያመሰኳል። ባሻ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ከጎረቤቱ ከእንየው በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። ደመናው ወርዷል፤ የገብሱ መዝሪያ ደርሷል።

«ምስክር ይጠየቅልኝ!» አለ ባሻ። «ድግሱን የበላ ሰው ሁሉ እዚህ አለ!»

እንየው ተጠራ። ሲቀርብ ለባሻ በዓይኑ «አይዞህ» አለው።

«ሰባት ነው ጌታዬ! ስምንተኛው ገመድ በጥሶ አመለጠ እንጂ! እንዲህ ያለ ተዝካር ጋይንትም ስማዳም እስቴም አይተው አያውቁ!»

ግቢው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ተዝካር ለነፍስ የሚላክ ስንቅ ነው፤ የሰውን ስንቅ አነሰ ብሎ የሚመሰክር ጎረቤት ከየት ይመጣል? እንየው የባሻን ክብር እየጠበቀለት ነው። በደግነቱ አንቆ ሊገድለው ነው።

ተቆጣጣሪው ወደ ባሻ የነፍስ አባት ዞረ። «እርስዎስ አባ ገብረ ሚካኤል?»

አባ በጭራቸው ዝንብ አባረሩ። «ሕዝቡ ጠግቦ መርቋል» አሉ። «ቀሪውን እግዚአብሔር ይቁጠርለት።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ተንጫረረ። የግምጃ ቤቱ ዘበኛ ሄዶ የቡሬን ገመድ ከወይራው ይፈታ ጀመር።

«አንተ ሰው!» ታንጉት፣ ሚስቱ፣ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች። «ተናገር እንጂ! ካልተናገርህ እኔ እናገራለሁ!»

«ዝም በይ ታንጉት።»

«ዝም ብዬ ማን ሊያርስልኝ? ሰባቱ ሠንጋዎችህ?»

የሳቀ የለም። ባሻ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አጣፋ።

«አንድ በግ ነበረች» አለ።

«አልሰማሁም።»

«አንድ በግ! እሷም አንካሳ። ለካህናቱ እንኳ በወጉ አልደረሰች። ለሌላው ሽሮ ነው። ሽሮውም …» ኩታውን ጠበቅ አደረገ። «ሽሮውም ቀጠነ።»

ተቆጣጣሪው በዝግታ ወደ እንየው ዞረ። «አባ፣ መስቀሉን ያቅርቡለት። ይማልልኝ።»

እንየው መስቀሉን አየ። ባሻን አየ። ከዚያ ዘበኛው የሚጎትተውን በሬ አየ፤ የእሱ በሬ ብቻውን ቀንበር እንደማይሸከም ያን ጊዜ ትዝ ያለው መሰለ።

«እንግዲህ ጌታዬ … እኔ እንኳ የደረሰኝ ሽሮ ነው።»

«እኔንም!» አለች ካሣነሽ የምትባል ጎረቤት ከኋላ። «ያውም ጨው የለው!»

«እኔ ጠላው ሳይደርሰኝ ነው የሄድሁ!»

«እኔማ ቤቴ ገብቼ ነው እራቴን የበላሁ!»

ሦስት ዓመት በይሉኝታ የታሰረው አፍ ሁሉ ተፈታ። ሳቁ ከግቢው አልፎ ገበያውን አናወጠው፤ አህዮች ሳይቀሩ ጆሯቸውን አቀኑ። መሐል በቆመው ባሻ ላይ ሳቁ እንደ በረዶ ወረደ። አባ ፊታቸውን በጭራቸው ሸፈኑ። ተቆጣጣሪው ከንፈሩን ነክሶ፣ የጻፈውን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘ።

«ዳረጎቱ አይነካም። በሬውን መልሱላቸው።»

አገሬው ፊት ፊት እየሄደ ቁልቁለቱን በሳቅ ሞላው፤ ባሻና ታንጉት ከኋላ ቀሩ። እንየው ቡሬን እየሳበ ደረሰባቸውና፣ ዓይኑን ሳያነሣ ገመዱን ለባሻ ሰጠው።

«ነገ እንጠምዳለን፣ ባሻ?»

«እንጠምዳለን።»

ታንጉት እርምጃዋን ቀነሰች። የሚቀጥለውን ጉራ ጠበቀች፤ ከጀንበር በፊት ስንት ጋሻ መሬት እንደሚገለብጥ፣ የጅራፉ ድምፅ የት ድረስ እንደሚሰማ። ባሻ ገመዱን ይዞ፣ ጭቃውን እያየ ይራመዳል። መታጠፊያው ላይ ደረሱ፤ አለፉት። ምንም አልጨመረም።

ጠጋ አለችው።

«ዘንድሮ ስንት ጎተራ ይሞላል ትላለህ?» አለችው፣ ቀስ ብላ።