የሁለት ብቸኞች ብዜት

«ጋሼ፣ ፍጠንልኝ! አየር አጥሮት ሊሞትብኝ ነው!» እህቴ ከኋላዬ ሆና የኮቴን ጅራት ልትገነጥለው ደርሳለች። ለባሏ ምሳ ይዛ መሥሪያ ቤቱ ስትመጣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አገኘችው፤ እሱ የለም። ከካዝናው ክፍል የብረት በር ጀርባ ግን ይንኳኳል።

«እኔ እያለሁ ማን ይሞታል?» እላታለሁ። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዝሆን ቢገፋው የሚያፍረው ዝሆኑ ነው። ትንኝ የምትተነፍሰው አየር እንኳ አያስገባም። ለመሥሪያ ቤቱ ስሸጠው በዚህ እኮራ ነበር፤ አሁን ግን አንገቴን እያላበኝ ነው።

ቁልፉ ካልተገኘ በሩ የሚከፈተው በቁጥር ነው። አሠራሬ ታዋቂ ነው፦ ከራሳቸውና ከአንድ በቀር ማንም የማያካፍላቸው፣ እንደ እኔ ግትር የሆኑ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች እመርጣለሁ። አንዱን ካዝና ያዡ፣ እዚህ አማቼ፣ በቃሉ ይይዛል፣ አንዱን እኔ። መክፈቻው የሁለቱ ብዜት ነው። የእሱን ድርሻ ያኔውኑ እረሳዋለሁ፤ እኔ ስረሳም አንደኛ ነኝ።

«አማች! ቁጥርህን አንኳኳልኝ!»

ስድስት ጊዜ። ዝምታ። አንድ። ዝምታ። ሦስት።

ስድስት መቶ አሥራ ሦስት። አንድ ስህተት ከገባ በሩ እስከ ነገ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ፈተንኩት። ለሰባት ሳካፍለው አራት ተረፈ፣ ለአሥራ ሦስት ሁለት፣ ለአሥራ ሰባት አንድ። እስከ ሃያ ሦስት ሄድኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። ብቸኛ ነው።

«ምን ትቆጥራለህ፣ ክፈተው እንጂ!»

«አንቺ ዝም በይ፣ ሊቅ እየሠራ ነው።»

በእኔው ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት በልቤ አባዛሁት። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ አንድ። ይህን የሚያህል ቁጥር፣ ከእሱና ከእኔ ድርሻ ሌላ ሊከፍለው የሚችል የለም።

መዘውሩን አዞርኩ። ስድስት፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ስድስት። አንዲት አሃዝ ቀረች።

«ምን ሆናችኋል?»

አማቼ ደረጃው ላይ ቆሟል። ጉንጩ አብጧል፣ አፉ ውስጥ ጥጥ አለ። እህቴ ጮኸች፤ ከዚያ ሄዳ ፊቱን ዳበሰችው።

«ጥርሴን ላስነቅል ወጥቼ ነው እኮ፤ ስልኬን ረስቼ።»

«ውስጥ ማን አለ?» አልኩት።

«ማን ይኖራል? ባዶውን ነው የቆለፍኩት። ቁልፉም ይኸው።»

ጠጋ ብዬ ስድስት መቶ አሥራ ሦስትን በጆሮው ሹክ አልኩት። ያልታመመው ጉንጩ ነጣ።

«ማን ነገረህ ጋሼ? ለእሷ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።»

እጄ አሁንም መዘውሩ ላይ ነው፤ አልነሳ አለኝ። የቀረችው አሃዝ አንድ ናት። ያንን ለማወቅ የእኔም ድርሻ መታወቅ አለበት፤ እሱን ደግሞ ወሬ የማያመልጠኝ እኔ፣ ነፍስ ላለው ሰው አልተነፈስኩም።

ከበሩ ጀርባ፣ እንግዳ የሰው ቤት ሲያንኳኳ እንደሚያደርገው በትህትና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተንኳኳ።