የእህቷ ወንበር

ማክሰኞ ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋ ታካሚ ባዶውን ወንበር እንደ ሟች እህቷ ቆጥራ ታናግረዋለች። ከዚያ ራሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በእህቷ ፈንታ ትመልሳለች። ሕክምናው ይኸው ነው፤ ሐኪሙም አጠገቧ ተቀምጦ ይጽፋል።

«እህት ዓለም፣ እዚህ ክፍል ቆልፈውብሽ ስትሞቺ ማን ሰማሽ?»

ሐኪሙ አቀረቀረ። ሰምቶ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው እሱ መሆኑን ማንም አያውቅም።

«በይ እንግዲህ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጪና መልሺ» አላት።

«ዛሬስ ራሷ ትመልስ፣ ዶክተር» አለች፣ ከቦታዋ ንቅንቅ ሳትል።

ከባዶው ወንበር ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ሦስቴ አንኳኳሁ። ዶክተር ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት።»

ሐኪሙ ዘሎ በሩ ላይ ደረሰ። ቁልፉ በእጁ ነው፤ በሩ ግን አልከፈት አለ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ደበደበው።

ማዶ፣ ማንም በሌለበት ቢሮው፣ ሬዲዮው ከፍ አለ።