ምስማሩ ላይ ያለው ቁልፍ

ዕድሜውን የኔትወርክ ገመድ ሲዘረጋ ኖሮ ኮድ በራሱ የተማረውን ሰውዬ ኢንጂነሮቹ ዛሬም «ጋሼ ገመዱ» ይሉታል። አንዱ ሥራ ከሜሞሪው ሳይወጣ ሌላው እንዳይገባ የሚያግደውን፣ በማሽኑ ዋና ፕሮግራም በከርነሉ ውስጥ ያለውን የኮድ ቁልፍ የጻፈው ግን እሱ ነው።

«ጋሼ ገመዱ፣ ሁለት ሥራ አንድ ላይ ከገባ ነገ ወደ ገመድዎ ነዎት» አለው ጎረምሳው አለቃ እየሳቀ። እሱ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ጠዋቱን ሙሉ ስክሪኑ «ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ» ሲል ቆየ። ከምሳ በፊት ግን አንድ «ወጣ» ከ«ገባ»ው ቀድሞ ታየ። ፕሮሰሰሩ ቅደም ተከተሉን አዛብቶ ይሆናል ብሎ ኮዱን አረመና ማሽኑን እንደ አዲስ ሊያስነሳ ሄደ።

የማሽኑ ክፍል ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ ምስማሩ ላይ ከተንጠለጠለ ውስጥ ሰው የለም። ተንጠልጥሏል። አውርዶ ከፈተ።

ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይተይባል። ጋሼ ገመዱ የራሱን ክርን ዳሰሰ፤ ያው መጣፊያ አለ። ቁልፉም እጁ ላይ አለ። ሰውዬው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይም ያው ቁልፍ አለ።

«ቆይ እንጂ ወንድሜ» አለ ሰውዬው፣ በጋሼ ገመዱ በራሱ ድምፅ። «ገና አልወጣሁም።»

ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር ወረደ፤ «ገባ፣ ገባ»።