የጥቁሩ ጉድጓድ ፍቺ

ምንትዋብ የፊዚክስ መምህርት ናት። ስበትን በሚያብራራው የሱፐርግራቪቲ ንድፈ ሐሳብ የጠፈር ጥቁር ጉድጓዶችን የሚገልጹት እኩልታዎች ሙሉ በሙሉ ይፈቱ እንደሆነ ለማወቅ ዓመታት ደክማለች። ባሏ ይርጋ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አላጉረመረመም። ምሳዋን ጠረጴዛዋ ድረስ ያመጣላት፣ እንግዳ ሲመጣም «ሥራ ላይ ናት» ብሎ ከበር ይመልስ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ወደ ሳሎን ሮጠች።

«ይርጋዬ፣ ተፈቱ! ሁሉም ተፈቱልኝ! ከእንግዲህስ ያንተው ነኝ።»

አቅፎ ግንባሯን ሳማት። ትከሻዋ ላይ ሲንሰቀሰቅ የደስታ መስሏት እሷም አብራው አለቀሰች።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ ጎበዝ» አላት። «እስክትጨርሺ ብዬ ነው የቆየሁት። አሁን እኔንም ፍቺኝ።»

እጆቿ አንገቱ ላይ እንደተጠመጠሙ ቀሩ።