የኮራሎቹ ካርድ

ሟች ባሏ ጅቡቲ ባሕር ውስጥ እየጠለቀ ኮራል የተባሉትን ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳት ጤና ይለካበት የነበረውን የቀለም ካርድ ልትረከብ እሱ ያስተምርበት ወደነበረው ዩኒቨርሲቲ ስትመጣ፣ አዲሱ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ካርዱን ግድግዳው ላይ ደግፎ ለቢሮው ቀለም ይመርጥበት ነበር። ባሏ ያየውን ሁሉ ከየቀለሙ ጎን በእርሳስ ይጽፍ ነበር፤ ከዓመት ወደ ዓመት ጽሑፉ ወደ ነጩ እየተጠጋ ሄዶ ነበር።

«ዘይነዲን፣ በዚህ በነጩ ቅባልኝ» አለው ኃላፊው ቀለም ቀቢውን።

«ኮራል ሊሞት ሲል ነው እንደዚያ የሚነጣው» አለች።

«እትዬ፣ ሮቤ ላይ ደግሞ ምን ባሕር አለ?» ብሎ ሳቀ።

ዘይነዲን ግን አልሳቀም፤ ካርዱን አንስቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ጽሑፉን ፈለገች። አንድም ፊደል አልነበረም።

«ተሞነጫጭሮ ነበር፤ በላጲስ አጸዳሁልዎት» አለ ኃላፊው።

ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«የአሥራ አንድ ዓመት ባሕር በአንድ ላጲስ ጨረሱት፣ ዶክተር» አለችው። «ጎበዝ!»