ግሡ መጨረሻ ላይ ሲቀር

ጫልቱ ቆማ ደብተሯን ታነባለች። «ማይ ፋዘር ገቨርመንት ዲናውንስ።»

ጠመኔው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዲናውንስ ማለት ማውገዝ ነው፤ የዛሬው የእንግሊዝኛ ትምህርታችን እሱ ነው። ከሷ በፊት የተነሡት ስድስት ልጆች ከራዲዮ የለቀሙትን አንብበው በሰላም ተቀምጠዋል፤ ሰፊው ሕዝብ ኢምፔሪያሊዝምን ያወግዛል፣ ገበሬው ባላባቱን ያወግዛል። ጫልቱ ግን የታዘዘችውን የምታደርግ ልጅ ናት። ከቤታችሁ የምታውቁትን ጻፉ ብዬ ያዘዝኩት ደግሞ እኔው ነኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እንደዚያ ስል ጓድ አብተው ገና አልገባም ነበር። የትምህርት ቤታችን ካድሬ ነው፤ ሳይነግረን እየመጣ ያዳምጠናል። አሁን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በደብተር ያራግባል፤ የናዝሬት ሙቀት ለካድሬም አያዝንም።

«ማን ነው ማንን የሚያወግዘው?» ይለኛል።

በአማርኛውም በኦሮምኛውም ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ልጆቼ እንግሊዝኛውንም እንደዚያው ይደረድሩታል። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ስጨቀጭቃቸው ከርሜአለሁ። አሁን ቃላቱን ማስተካከል የኔ ሥራ ነው፣ በየትም ባዞራቸው ግን አያምሩም። አባቷ መንግሥትን ያወግዛል ካልኩ ሰውየውን ዛሬውኑ ይወስዱታል። መንግሥት አባቷን ያወግዛል ካልኩም ምን አድርጎ ነው ብለው ይወስዱታል። አባቷ ጋሽ ገመዳ ጋሪ ነጂ ነው። ከገበያ በጋሪው በመጣሁ ቁጥር ስለ ቀበሌውና ስለ ስኳር ሰልፉ ሲያማርር፣ ሰው ይሰማናል ይተዉ እያልኩት ነው ቤቴ የምደርሰው። ልጅቷ እውነቱን ነው የጻፈችው።

ወደ ሰሌዳው ዞሬ የጫልቱን ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ።

«አንዲት ቃል ረስታ ነው፣ ጓድ» እላለሁ። በአባቷና በመንግሥት መካከል «ኤንድ» የምትለዋን አስገባለሁ። «አባቴ እና መንግሥት ያወግዛሉ ማለቷ ነው። ማንን እንደሚያወግዙ ደግሞ አልጻፈችም።»

«"እና" የለውም፣ ቲቸር» ትላለች ጫልቱ።

ከኋላ የደብተሩ ማራገብ ቆሟል። ወደ ልጅቷ ሄጄ ትከሻዋን በእጄ ጫን አድርጌ እይዛለሁ። ፈርቻለሁ፣ ለአባቷም ለራሴም። ጫልቱ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ቀጥላም ዞር ብላ የኋላውን ወንበር ታያለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ዛሬ እዚሁ ቆማ ሲገባት አየሁት።

«ረስቼው ነው» ትላለች ቀስ ብላ። «የሚያወግዙት ኢምፔሪያሊዝምን ነው።»

እሱንም ጨምሬ እጽፋለሁ። ጓድ አብተው ያጨበጭባል፣ ልጆቹም ተከትለውት ያጨበጭባሉ። ወደሚቀጥለው ዴስክ እጠቁማለሁ።

መሰለች ትነሣለች። አባቷን ከወሰዱት ሦስት ወር ሆኖታል፤ የት እንዳደረሱት ቤተሰቡ አያውቅም። ደብተሯን አጠፍ አድርጋ በክንዷ ትከልለዋለች። ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል፣ ግሡን እንደ ደንቡ መካከል አድርጋ ታነባለች።

«ማይ ፋዘር ኤንድ ገቨርመንት ዲናውንስ ኢምፔሪያሊዝም።»

አንድም ቃል አልሳተችም። ጎበዝ እላታለሁ፣ ሌላ ምን እላታለሁ።